ቦታው ያልተጻፈ አጥንት

እዚህ ሶዶ ዳሞታ ጠዋት ጠዋት ጉሙን ገልጦ ይታያል። በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የማወራችሁ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ደም ግፊት ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የጨዋታ ሣጥን ላወራችሁ ነው። «ነርሷ ጡረታ ስትወጣ ጨዋታ ጀመረች» እንዳትሉኝ። ሣጥኑ የመጣው ለልጅ ልጆቼ ቢሆንም፣ አርባ ዓመት በመሳቢያ ከደበቅሁት ጥፋት ጋር ያፋጠጠው እኔን ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የደረሰው ለጊፋታ ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም ሲመጣ በየአገሩ የተበተነው ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲያትል የሚኖረው ልጄ ራሱ ባይመጣም፣ አንድ ዘመዳችን በሻንጣው ከበድ ያለ ካርቶን ይዞልን መጣ። ላዩ ላይ የዳይኖሰር አጽም ተስሎበታል። የአሥር ዓመቱ ልጅና የሰባት ዓመቷ እህቱ የቀረበላቸውን ሥጋ ትተው ካርቶኑን ከበቡት።

ውስጡ ጎድጎድ ያለ ሰሌዳ አለ። አሸዋ፣ ሸክላና ድንጋይ ተብለው በቀለም የተለዩ ትንንሽ ፕላስቲኮች፣ ከሥራቸው የሚቀበሩ አጥንቶች፣ አጥንቱን ማውጫ ወረንጦ፣ የየዳይኖሰሩ ሥዕል ያለበት ካርድም አሉ። ተጫዋቹ በተራው ይቆፍራል፣ አጥንት ያወጣል፤ የአንድ ዳይኖሰር አጥንት ቀድሞ የሞላለት ነጥብ ይሰበስባል። ወረንጦ በመያዝ ማን ይቀድመኛል? ሠላሳ ዓመት በላይ ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አላሸነፍኩም።

ልጄ፣ ማለትም የልጆቹ እናት፣ ወንድሟን በስልክ ዋጋውን ጠየቀችው። «ስልሳ ዶላር» አላት። «መቼ ገዛኸው?» ስትለው «የዛሬ ዓመት ተኩል ግድም። ገና ሳይሠራ ነው የከፈልኩት» አላት። እሷ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ያልተሠራ ዕቃ ተከፍሎበት ዓመት ተኩል ይጠበቃል? በዚህ ብር የሁለቱም የደንብ ልብስ አይገዛም ነበር?» አለች። እውነቷን ነው። ልጄ በንግግሩ ቅር ቢለውም፣ እሷም በሶዶ ገበያ ዋጋ ስትቸገር የምትውል ሰው ናት። ስለዚህ ማታ ላይ ደውዬ ይህ ነገር ምን እንደሆነ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። የገባኝን ላካፍላችሁ፤ ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ሁሉ አንድ ቀን ይገጥማችኋልና።

አንድ ሰው ጨዋታ ያስባል፤ ለማሳተም ግን ገንዘብ የለውም። ባንክም ለእንዲህ ያለ ነገር አያበድረውም። ስለዚህ ሐሳቡን፣ ሥዕሉን፣ የሚፈልገውን የገንዘብ መጠንና ቀነ ገደቡን በኢንተርኔት ይዘረጋል። ወዶ ያመነበት ሰው ሁሉ ከያለበት ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ከእነዚህ መዋጮ ሰብሳቢዎች በጣም የታወቀው ኪክስታርተር ነው፤ በ2001 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የተባለው ገንዘብ በቀነ ገደቡ ካልሞላ ከማንም ላይ አይቆረጥም። ከሞላ ግን ይቆረጣል፤ ሰውየውም ጨዋታውን አሠርቶ ላዋጡት ይልካል። ኪክስታርተር ራሱ «እኔ ሱቅ አይደለሁም» ይላል። ዕቃው ቢዘገይ ወይም ጭራሽ ቢቀር ኃላፊው ሐሳቡን ያቀረበው ሰው እንጂ ሰብሳቢው አይደለም። ከኢትዮጵያ ሆኖ እዚያ ላይ ዘመቻ መክፈትም አይቻልም፤ የሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለንም።

ዳይኖሰር ደግሞ በዚህ መንገድ ብዙ ገንዘብ የሚያሰባስብ ነገር ሆኗል። በእነሱ አቆጣጠር በ2017 በኪክስታርተር የተዋጣለት «ዳይኖሰር አይላንድ» የሚባል ጨዋታ አለ፤ ተጫዋቹ የዳይኖሰር መናፈሻ ያቋቁማል፣ ጎብኚ ያስገባል። ከዚያ ወዲህ የመጣው «ፎሲሊስ» ደግሞ ቁፋሮውን ራሱን ያጫውታል። ይህን ሁሉ ያስገኘው ልጆች ለዳይኖሰር ያላቸው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ በልጅነታቸው ያፈቀሩት ሰዎች ዛሬ አድገው ገንዘብ ይዘዋል።

ለልጄ እንዲህ አልኳት፦ «ይህማ የጊፋታ በሬ አይደለም ወይ?» በእኛ አገር ጎረቤት ከጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፣ ለጊፋታ ያላየውን በሬ በጋራ ገዝቶ ይካፈላል። ሴቶቹም ለቅቤው ለብቻቸው ያጠራቅማሉ። በሬው ገና በሰው በረት ሣር ሲግጥ እኛ ከፍለንበታል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የእኛን ገንዘብ የያዘውን ሰው ቤቱን እናውቀዋለን፤ ዕቁብም ቢሆን ዳኛ አለው፣ ዋስ ይጠራል። በኢንተርኔቱ መዋጮ ዋሱ የሰውየው ስምና ቀድሞ የሠራው ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከውጭ ሆነው «ለልጆቹ አንድ ነገር አዝዣለሁ» ቢሏችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ሰውየው ከዚህ በፊት ቃሉን ጠብቆ ያደረሰው ሥራ አለ ወይ? ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ቢቀር የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? ለልጁ ደግሞ «ለልደትህ ይደርሳል» ብላችሁ ቀን አትቁረጡለት። የኛዎቹ ሣጥኑ ይደርሳል በተባለበት ጊፋታ ሳይመጣ ቀርቶ የበዓሉን ጥዋት በልቅሶ ነበር ያሳለፉት።

አንድ የጤና ምክር ጣል ላድርግና ወደ ነገሬ ልመለስ። የእነዚህ ጨዋታዎች አጥንትና ጥርስ ጣት የማታክል ናት። ቤታችሁ ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ካለ፣ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የምታልፍ ማንኛዋም ነገር ጉሮሮ ልትዘጋ እንደምትችል ቁጠሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ፕላስቲኩን ቆጥራችሁ ወደ ሣጥኑ መልሱ፤ እኛ በቀዶ ጥገና ክፍል መቀስና ፋሻ ሳንቆጥር ሆድ አንዘጋም ነበር። ሕፃን አንድ ነገር ውጦ የሚያስለው ከሆነ ያስል፤ የማይታያችሁን ነገር ለማውጣት ጣታችሁን አታስገቡ፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ድምፁ ከጠፋ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን ደቂቃ የለም፤ በትከሻዎቹ መሃል መምታት ጀምሩ፣ ወደ ጤና ተቋምም ሩጡ።

ጥቂት ቀን ከተጫወትን በኋላ ልጁ ጥያቄ አመጣ። «እማማ፣ ዳሞታን ብንቆፍር ዳይኖሰር እናገኛለን?» አለኝ። ድሮ ቢሆን «አላውቅም፣ አስተማሪህን ጠይቅ» እለው ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ፤ አብረን አንብበን አብረን ጠየቅን።

መልሱ «አናገኝም» ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዳሞታ ደግሞ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው፤ የተሠራውም ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው። ቤቱ ሳይሠራ እንግዳው ሄዷል። አገራችን ግን ጨርሶ ዳይኖሰር የላትም ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ ጥናቱም በፈረንጆች 1999 ታትሟል። ሲሚንቶ የሚሠራበት የሙገር የኖራ ድንጋይም የጥንት ባሕር ወለል ነበረ። ልጁ ይህን ሲሰማ የቤታችንን ግድግዳ ዳበሰው።

ቀጥዬ ግን «ዳሞታ ዳይኖሰር ባይኖረውም ባዶ አይደለም» አልኩት። በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ትልቅ የዋሻ ጥላ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ቆፍረውበታል፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት ከሌሎች አገሮች ባለሙያዎች ጋር ሆነው የመሩት ቡድን ለዓመታት ሠርቶበታል። ያገኙት የዛሬ 50 ሺህ ዓመት ገደማ እዚያ የኖሩ ሰዎችን ምድጃ ከሰልና በብዙ ሺህ የሚቆጠር የድንጋይ መሣሪያ ነው። አብዛኛው መሣሪያ የተጠረበው ከባልጩት፣ ያም ጥቁር መስታወት ከሚመስለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ሌላው የአፍሪካ ክፍል በድርቅ ሲመታ ይህ የደቡብ ምዕራብ ደጋ ለሰው መሸሸጊያ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ዳይኖሰር ለማየት አሜሪካ የሚያስቡ ልጆች፣ ከቤታቸው መስኮት በሚታየው ተራራ ላይ ይህ መኖሩን አያውቁም ነበር። በጎረቤታችን በጋሞና በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች በእኛ ዕድሜ እንኳ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ ይሠሩ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ ጭራሽ አላመኑኝም።

ልጁ በማግስቱ ማንኪያ ይዞ ወደ ተራራው ሊሄድ ተነሣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ጨዋታው ያስተማረው ቶሎ ማውጣትን ነው፤ ቀድሞ ያወጣ ያሸንፋል። እውነተኛው ቁፋሮ ግን ተቃራኒው ነው። ይህን በቃል ብነግረው እንደማይገባው ስላወቅሁ ሌላ ጨዋታ ሠራሁ፤ ማንም መዋጮ ያላዋጣበት፣ የአንድ ሳፋ አፈር የሚፈጀውን።

እናንተም ሞክሩት። ከበዓል የተረፈውን የዶሮ አጥንት በሳሙና ቀቅላችሁ አድርቁ። ሳፋው ውስጥ አንድ ረድፍ አሸዋ፣ አንድ ረድፍ ከምድጃ የወጣ አመድ፣ አንድ ረድፍ ቀይ አፈር ደልድሉ፤ አጥንቱን በየረድፉ ቅበሩ። ከላይ በሲባጎ እየወጠራችሁ በአራት ማዕዘን ከፋፍሉት። ለልጁ ማንኪያ፣ አሮጌ የቀለም ብሩሽና ደብተር ስጡት። አጥንት ሲያገኝ ከማንሣቱ በፊት «ሦስተኛው ክፍል፣ ከአመዱ በታች» ብሎ ይጻፍ፣ ሥዕሉንም ይሣል። የቤታችን ደንብ አንድ ነው፦ ቦታው ያልተጻፈ አጥንት ነጥብ የለውም።

ልጁ ተቃወመ። «አጥንቱ እኮ ያው አጥንት ነው! ቢጻፍ ባይጻፍ ምን ለውጥ አለው?» አለ። እኔም ከራሴ ሥራ ነገርኩት። በጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠሩ ሃያ ሰዎች አክታ ይሰጣሉ እንበል። ሃያ ኩባያ ተደርድሯል። አንዱ ላይ ስም አልተጻፈም። ላቦራቶሪው በዚያ ኩባያ ውስጥ በሽታው አለ ብሎ ቢመልስልኝ ምን አደርገዋለሁ? በሽታው እውነት ነው፣ አክታውም እውነት ነው፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከሃያው አንዱ ታሞ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ልጆቹንም ያስይዛል። ስሙ የጠፋ ናሙና እንዳልተወሰደ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ሰውየው «ሰጥቻለሁ» ብሎ ተዘናግቷልና።

አጥንትም እንደዚያው ነው። ድንቅነሽን ውሰዱ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ መጀመሪያ ያዩት የክንድ አጥንት ስባሪ ነው። እኔ በዚያ ሳምንት የሶዶ ተማሪ ነበርኩ፤ ሬዲዮው የሚናገረው የሌላ ሞት ስለነበር ስለዚህች ሴት ማንም አልነገረን። ቡድኑ ያየውን አፍሶ አልሄደም። ለሦስት ሳምንት ያህል ያንን ቁልቁለት እየፈተሸ በመቶ የሚቆጠር ስብርባሪ ለቀመ፤ የአጽሟ 40 ከመቶ ያህል ተገኘ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው ደግሞ ከአጥንቷ አይደለም። በአካባቢው አፈር መሃል ተነጥፎ ከነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ይለካል፤ አጥንቱ ከአመዱ በላይ ነው በታች የሚለው ይታያል። አንድ እረኛ ያንን የክንድ አጥንት በኪሱ ከትቶ ቤቱ ቢያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ሰላምንም ነገርኳቸው። በ1993 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በዲኪካ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ ከድንቅነሽም ትቀድማለች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። አጥንቷን የሸፈነው ድንጋይ ጠጣር ስለነበር ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሡላት ከ5 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። የሰባት ዓመቷ ልጅ «አልሰለቻቸውም?» ብላ ጠየቀች። ሰልችቷቸው ይሆናል፤ ግን አልተቻኮሉም።

የተቻኮለ ምን እንደሚሆንም ያስቅ ነበርና ነገርኳቸው። በፈረንጆች 1860ዎቹ መጨረሻ ኤድዋርድ ኮፕ የሚባል አሜሪካዊ ኤላስሞሳውረስ የተባለ ረጅም አንገት ያለው የባሕር አውሬ አጽም ገጣጥሞ ሲያሳትም፣ ጭንቅላቱን የሰካው ጅራቱ ጫፍ ላይ ነበር። ከተቀናቃኙ ከኦትኒየል ማርሽ ጋር ለዓመታት አጥንት ሲሻሙ ሁለቱም ገንዘባቸውን ጨረሱ፣ ስማቸውንም አቆሸሹ። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናቸውም ሲሳሳት «ጭንቅላቱን ጅራቱ ላይ ሰካህ» እየተባባሉ ነው።

እንግዲህ አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስን።

አንድ ቅዳሜ ልጁ ሲባጎ ፍለጋ የእኔን መሳቢያ ከፈተ። መሳቢያው ውስጥ የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ የነርስነት ዲፕሎማዬ ፎቶ፣ የሟቹ ባለቤቴ ሰዓት፣ አንዳንድ ቁልፍ። ከሥሩ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አገኘ። ፈትቶ ይዞልኝ መጣ። ጣት የሚያህል ጥቁር ባልጩት ነው፤ አንዱ ጠርዙ እንደ ምላጭ ቀጭን፣ ሌላው በጥንቃቄ የተጠረበ።

«እማማ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

1978 ዓ.ም. ነው። ወጣት ነርስ ነበርኩ፤ የክትባት ሣጥን ተሸክመን በዳሞታ ዙሪያ ባሉ የገበሬ ማኅበራት እየዞርን ሕፃናት እንከትብ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘንና ከእረኞች ጋር በዚያ ዋሻ አካባቢ ተጠለልን። ዝናቡ ሲያባራ ስንወርድ መንገድ ላይ ሲያብረቀርቅ አየሁት። ስላማረኝ አነሣሁት። በፋሻ ጠቅልዬ ከመርፌዎቹ ጋር አስቀመጥኩት። ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ተመራማሪዎቹ መጥተው በከተማው ሲወራ ነው። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። አፈርኩ። «አሁን ብወስደው ምን ይሉኛል» እያልኩ ቀረሁ። ዓመት ዓመትን ወለደ።

ልጁ ደብተሩን አወጣ። «ከዋሻው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» አለኝ።

«ከውጭ... ከበታቹ ይመስለኛል።»

«ስንት እርምጃ?»

«አላስታውስም።»

«ከመሬት ላይ ነው ወይስ ጎርፍ ገልጦት?»

«ልጄ፣ አላስታውስም።»

ዝም ብሎ አየኝ። ሊያፌዝብኝ አይደለም፤ ያዘነ መሰለኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስም የሌለውን የአክታ ኩባያ የነገርኩትም እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ስም ያልተጻፈበት ናሙና ያመጣችን ተለማማጅ ነርስ ሰው ፊት ተቆጥቼ አስለቅሼ አውቃለሁ። እኔው ራሴ ደግሞ አርባ ዓመት ስም የሌለው ናሙና በመሳቢያዬ ይዤ ነበር።

ሰኞ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለታችንም ሄድን። ልጁን ልተወው አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ስሳሳት ካየኝ ሳስተካክልም ይየኝ አልኩ። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ በአክብሮት አስቀመጠን። ሕጉንም ነገረን፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንም ሰው በአጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያው ማስታወቅ አለበት፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ክልክል ነው። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ድንጋዩን በወረቀት ላይ አስቀምጦ ለካው፣ ፎቶ አነሣው። ከዚያ «እማማ፣ በትክክል ከየት እንዳነሡት ያስታውሳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ወደ እኔ አላየም፤ ጫማውን ነበር የሚያየው። የማስታውሰውን ተናገርኩ። ባለሙያው ጻፈ፤ «የተገኘበት ቦታ» ከሚለው ፊት ለፊት የጻፈውን ከተቀመጥኩበት አነበብኩት፦ «በውል አይታወቅም»።

ስንመለስ አንድ ባጃጅ ይዘን ዝም ብለን ተጓዝን። ቤታችን ደጅ ስንደርስ ልጁ «ዜሮ ነጥብ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ዜሮ ነው» አልኩት። እውነቱ ያ ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ያንን የአሜሪካ ሣጥን አልጠላሁትም። ልጄም ወንድሟን ይቅርታ ጠይቃዋለች፤ አሁን ማታ ማታ ከሁላችንም በላይ የምትቆፍረው እሷ ናት። ሣጥኑ ባይመጣ ኖሮ ጥያቄውም አይመጣም ነበር። ግን ሣጥን የሌለው ልጅ ምንም አልጎደለበትም፤ ሳፋ፣ አመድ፣ የዶሮ አጥንትና ደብተር በየቤቱ አለ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ልጆቹን አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው። ድንቅነሽን ሲያዩ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ታወቀ?» ብለው እንዲጠይቁ አድርጓቸው።

በዳሞታ ዙሪያ፣ በኮንሶ፣ በአፋር፣ የትም የምትኖሩ ወላጆችና አያቶች ግን አንድ ልመና አለኝ። ስታርሱ፣ መሠረት ስትቆፍሩ ወይም ልጆቻችሁ ከብት ሲጠብቁ እንግዳ አጥንት ወይም የተጠረበ ድንጋይ ብታዩ አታንሡት። ምልክት አድርጉበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ለሚመለከተው አስታውቁ። እንደ እኔ በመሳቢያ ያስቀመጣችሁት ካለ ደግሞ፣ የምታስታውሱትን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ነገ ከዛሬ ያነሰ ነው የምታስታውሱት። ከዚያ ይዛችሁ ሂዱ። ያፍራሉ፣ ግን አይሞቱም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቃል በገባሁላችሁ መሠረት ስለ አረጋውያን የመድኃኒት አወሳሰድ እንነጋገራለን። ሳምንቱን በጤና ያገናኘን።